ዊምብልደን በ30 ፓውንድ፦ ከሣሩ አጠገብ የዋልኩበት ሰኞ

ለንደን መኖር ከጀመርኩ ዓመታት ቢቆጠሩም የዊምብልደንን የቴኒስ ውድድር በቴሌቪዥን ብቻ ነበር የማውቀው። ትኬቱ በዕጣ ነው፣ ዋጋው አይቀመስም ሲባል እሰማለሁና አንድም ቀን ሞክሬው አላውቅም። በ2025 ግን አብሮ አደጌ "ተነስ፣ ተሰልፈን እንግባ" ብሎ ቆረጠ፤ ሰኞ ጁን 30፣ በውድድሩ የመጀመሪያ ቀን ሄድን።

ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። የወንዶች ነጠላ ቴኒስን በሣር ሜዳ ላይ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ስለ ትልቁ ስታዲየም አትጨነቁ። ግራውንድ ፓስ የሚባለውን፣ ትንንሾቹን ሜዳዎች የሚያሳየውን የግቢ መግቢያ ይዛችሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሂዱ። 30 ፓውንድ ነው የከፈልነው። በወንዶች ነጠላ ብቻ 128 ተጫዋች ይገባል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር 64 ጨዋታ አለው፣ ያ ሁሉ በሁለት ቀን ነው የሚያልቀው፣ ትልልቆቹ ሜዳዎች ደግሞ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚችሉት፤ የተረፈው በሙሉ በትንንሾቹ ሜዳዎች ላይ ይፈስሳል። በሁለተኛው ሳምንት ከሄዳችሁ ግን የቀሩት ወንዶች ጥቂት ናቸው፣ እነሱም ትልቁ ስታዲየም ውስጥ ናቸው። የወንዶቹ ፍጻሜ ትኬት በዚያ ዓመት 315 ፓውንድ ነበር። በዚያ ገንዘብ አሥር ሰው ግራውንድ ፓስ ይገዛ ነበር።

ሰልፉ ራሱን የቻለ ነገር ነው። በዲስትሪክት ላይን ባቡር ሳውዝፊልድስ ወረድን። መንገድ መጠየቅ አያስፈልግም፣ ሰው ሰውን ተከትሎ ይሄዳል። ዊምብልደን ፓርክ ስንደርስ ያደሩት ሰዎች ድንኳናቸውን እየነቀሉ፣ ፊታቸውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጉ ነበር። ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይሰጣችኋል። ያቺን ካርድ እንደ ፓስፖርት ያዟት፣ ተራችሁ እሷ ናት። ቀድመው የደረሱት፣ በተለይ ያደሩት፣ ለሦስቱ ትልልቅ ሜዳዎች የሚሆን ወንበር ያገኛሉ፤ ለየሜዳው 500 አካባቢ ትኬት ለሰልፈኛ ይቀመጣል። የእኛ ቁጥር አራት አሃዝ ስለነበር ያንን አላሰብነውም። ሣሩ ላይ ነጠላ አንጥፈን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን ጠበቅን። ጎናችን የነበሩት አዛውንት እንግሊዛዊ ዳቦ ቆሎውን ቀምሰው ወደዱትና በምላሹ ጥሩ ምክር ሰጡን፦ "ስትገቡ ግቢው ውስጥ ያለው ኮረብታ ላይ አትቀመጡ፣ ቀጥታ ወደ ትንንሾቹ ሜዳዎች ሩጡ።"

ሮጥን። ደግሞም ትክክል ነበሩ።

የገባንበት ሜዳ ላይ የሚጫወቱትን ሁለት ወንዶች ስማቸውን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ተጫዋቹ ሰርቭ ሊያደርግ፣ ማለትም የመጀመሪያውን ምት ሊመታ ሲል ትንፋሹ ይሰማል። ኳሷ ከራኬቱ ስትወጣ አላየኋትም፣ የኋለኛውን ግድግዳ ስትመታ ነው የሰማኋት። ቀጥሎ የመጣው ግን ነው ልቤን የወሰደው። አንደኛው ከኳሷ ሥር ቆርጦ ስላይስ መታ፤ ኳሷ ወርዳ ሣሩን ነካችና በመነሳት ፋንታ ተንሸራታ አለፈች። ያኛው ጉልበቱ መሬት እስኪነካ ጎንበስ ብሎም አልደረሰባትም። አብሮ አደጌ ጆሮዬ ሥር "ስማ፣ ኳሷ እኮ አልነጠረችም!" አለኝ። በቃ፣ የሣር ቴኒስ ይኼ ነው። በቴሌቪዥን ካሜራው ከላይ ስለሚያይ ይኼን ነገር አያሳያችሁም፤ ኳሷ ምን ያህል ዝቅ ብላ እንደምትሄድ ለማወቅ በተጫዋቹ ቁርጭምጭሚት ልክ ሆኖ ማየት ይጠይቃል።

ሣሩ ራይግራስ የሚባል ዝርያ ነው፣ ከ2001 ጀምሮ ሌላ አልተቀላቀለበትም፣ ለውድድሩም ቁመቱ 8 ሚሊሜትር ሆኖ ይታጨዳል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ገና ለምለም ስለሆነ ያንሸራትታል። አንዱ ተጫዋች አቅጣጫ ሊቀይር ሲል እግሩ ሄደበትና በጎኑ ወደቀ፣ ሲነሳ ነጭ ቁምጣው ላይ አረንጓዴ መስመር ተሥሎበት ነበር። እዚያ ሁሉም ነጭ መልበስ ግዴታው ነው፣ ስለዚህ የወደቀ ሰው ቀኑን ሙሉ ምልክቱን ይዞ ይጫወታል።

በዚያ ቀን ከትንንሾቹ ሜዳዎች የወጣው ትልቁ ወሬ ኦሊቨር ታርቬት ነው። የ21 ዓመት እንግሊዛዊ፣ አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ተማሪ፣ በዓለም ደረጃ 733ኛ፣ በማጣሪያ የገባ። ሊአንድሮ ሪዲን ሦስት ጊዜ 6 ለ 4 አሸነፈው። በዚያ ዓመት ሁለተኛው ዙር የደረሰ ሰው 99,000 ፓውንድ ያገኝ ነበር፣ ልጁ ግን በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ሕግ ምክንያት ሙሉውን መውሰድ አይችልም ነበር። ረቡዕ ደግሞ ትልቁ ስታዲየም ገብቶ ካለፈው ዓመት አሸናፊ ከካርሎስ አልካራዝ ጋር ተጫወተ፤ ቢሸነፍም አንገቱን አልደፋም። እንዲህ ዓይነት ልጅ ገና ስሙ ሳይታወቅ ከቅርብ የሚታየው በሰኞ ግራውንድ ፓስ ነው።

አሁን የማይመቸውን ልናገር። የመጀመሪያው ሙቀቱ ነው። ያ ሰኞ በዊምብልደን ታሪክ እጅግ ሞቃቱ የመክፈቻ ቀን ነበር፣ 32.3 ዲግሪ ደርሷል። ትንንሾቹ ሜዳዎች ጥላ የላቸውም፣ ጣሪያ ያላቸው ከትልልቆቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ ዝናብ ቢመጣም እዚያው ትመታላችሁ። ባርኔጣ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። ውሃ ግን በነፃ የሚቀዳበት ቦታ አለ፣ ባዶ ጠርሙስ ያዙ። ሁለተኛው ወንበሩ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ይቀመጣል፣ ጨዋታው ሲሞቅ ከተነሳችሁ ወንበራችሁን እርሱት። ሦስተኛው፣ እኔን ቅር ያለኝ፣ የመስመር ዳኞቹ መቅረት ነው። ከ2025 ጀምሮ ኳስ መውጣቷን የሚናገረው ማሽን ነው። ልክነቱን አልጠራጠርም፣ ግን ከሜዳው ዳር ጎንበስ ብለው የሚቆሙት ሰዎች የዚያ ቦታ መልክ ነበሩ። ለእኔ ሜዳው ጎደለብኝ።

ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፣ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ሳንዱችና ፍራፍሬ ይዘን ስለገባን ብዙ ወጪ አልወጣንም። እንጆሪ በክሬሙን ግን ቅመሱት። ከ2010 ጀምሮ 2.50 ፓውንድ ነበር፣ በ2025 ነው 2.70 የሆነው። ለንደን ውስጥ በዚህ ዋጋ ጥሩ ነገር ማግኘት ከባድ ነው፣ እንጆሪውም ትኩስ ነው፣ ከኬንት ይመጣል።

ከሰዓት በኋላ ስንዝል ወደ ኮረብታው ወጣን። ትልቅ ስክሪን አለ፣ ሰዉ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ያያል። አልካራዝ ከፋቢዮ ፎኒኒ ጋር እየተጫወተ ነበር። ሁሉም በቀላሉ ያልቃል ብሎ የጠበቀው ጨዋታ 4 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ፈጀ። መጨረሻው አካባቢ አንድ ተመልካች በሙቀቱ ታመመና ጨዋታው ቆመ፤ አልካራዝ ራሱ ውሃ ይዞለት ሄደ። ያን ጊዜ ኮረብታው በሙሉ አጨበጨበ። የ38 ዓመቱ ፎኒኒ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቴኒስ ማቆሙን ተናገረ፣ የመጨረሻ ጨዋታውን ነው ያየነው ማለት ነው።

የትልልቆቹን ሜዳዎች ውስጥ ማየት ለሚፈልግም ሌላ ቀዳዳ አለ። ቀድመው የወጡ ሰዎች ትኬታቸውን ይመልሳሉ፣ እሱ እንደገና ይሸጣል፣ በዚያ ዓመት ከ10 እስከ 15 ፓውንድ ነበር፣ ገንዘቡም ለበጎ አድራጎት ይውላል። እኛ አልሞከርነውም፣ ከትንንሾቹ ሜዳዎች መነሳት አልሆንልን ብሎ።

ጁላይ 13 ፍጻሜውን ቤቴ ሆኜ አየሁ። ያኒክ ሲነር አልካራዝን 4-6፣ 6-4፣ 6-4፣ 6-4 ረታ። ዓይኔ ግን በየመሃሉ ወደ ኋላው መስመር ይሄድብኝ ነበር። ሰኞ ዕለት በለምለምነቱ ሰው የሚጥለው ሣር፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተረግጦ ተረግጦ ቡናማ አፈር ሆኗል። አብሮ አደጌ ስልክ ደወለና "አየኸው ሣሩን?" አለኝ። አየሁት አልኩት።