የናፍጣ ግፊት ጌጅ በአሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና ላይ፦ ከ11 ወር በኋላ

ጭኖ ዳገት ሲወጣ የሚታነቅ፣ ጠዋት ሞተሪኖ ብዙ የሚያስመታ አይሱዙ ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የሚፈረድበት ፖምፓው፣ ማለትም ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው ፓምፕ ነው። ፖምፓው ይወርዳል፣ ካሊብሬሽን ይላካል፣ ናፍጣውን የሚረጩት ኖዝሎች ይቀየራሉ፤ መኪናው ግን ተመልሶ እዚያው ዳገት ላይ ይታነቃል። ከታንከሩ እስከ ፖምፓው መግቢያ ያለውን መስመር ማንም አልለካውምና።

እዚህ የሚገመገመው ይህን መስመር ለመለካት በአንድ ኤንፒአር 66 ላይ ተገጥሞ 11 ወር የሠራ ግሊሰሪን የተሞላ የግፊት ጌጅ ነው። ሞተሩ 4ኤችኤፍ1 ነው፤ 4.3 ሊትር፣ ተርቦ የሌለው፣ ናፍጣውን ከታንከሩ ስቦ ለፖምፓው የሚያቀብለው ፊድ ፓምፕ ከፖምፓው ጎን የታሰረ። ጌጁ ለኮምፕሬሰርና ለውሃ ፓምፕ የሚሸጠው ዓይነት ነው፤ የፊቱ ስፋት 63 ሚሊሜትር፣ ጥርሱ ሩብ ኢንች፣ ልኬቱ ከ0 እስከ 4 ባር። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ 10 ባሩ ነው፤ እሱን አትግዙ። እዚህ ሥራ ላይ ጤነኛውን ከታማሚው የሚለየው 0.3 ባር ያህል ስለሆነ በ10 ባር ጌጅ ላይ ልዩነቱን በግልጽ ማንበብ ያስቸግራል።

አዲሱ ጌጅ ከካርቶኑ ሲወጣ መርፌው ከዜሮ በታች ተጋድሞ ቢገኝ ተበላሽቷል ብላችሁ አትመልሱት። ግሊሰሪን የተሞላ ጌጅ በባሕር ጠለል አካባቢ ታሽጎ ከመጣ በውስጡ የቀረው አየር 1 ባር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ የውጭው አየር ግፊት ወደ 0.77 ባር ይወርዳል። ጌጁ የሚለካው በቱቦው ውስጥና በቀፎው ውስጥ ባለው ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ የታሸገው አየር መርፌውን ወደ ኋላ ይጫነዋል፤ እስከ 0.2 ባር ድረስ አሳንሶ ያነባል ማለት ነው። መፍትሔው ከጀርባው ወይም ከአናቱ ያለችውን የላስቲክ ውታፍ ነቅሎ ማስተንፈስ ነው። አንዳንዱ ውታፍ ጫፉ ተቆርጦ ክፍት እንዲቀር የተሠራ ነው። ሳይተነፍስ የተገጠመ ጌጅ ሞተሩ ሲግል ደግሞ ይብስበታል፤ ቀፎው ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ንባቡ ይወርዳል፣ ባለቤቱም ፊድ ፓምፑ ደከመ ብሎ አዲስ ይገዛል።

አገጣጠሙ ላይ መቆጠብ አይገባም። ንባቡ የሚወሰደው ከፊልትሮው በኋላ፣ ናፍጣው ወደ ፖምፓው በሚገባበት ቡሎን ላይ ነው። ናፍጣው በውስጡ የሚያልፍበት ይህ የቀዳዳ ቡሎን በዚህ መኪና 14 ሚሊሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊሜትር ነው፤ የእናንተን ግን በካሊፐር ለኩ። አንድ ትርፍ ቡሎን ገዝቶ አናቱን ለቶርኖ ባለሙያ በመስጠት ስምንተኛ ኢንች ጥርስ ማስወጣት ይቻላል። የመዳብ ራንዴላዎቹን አዲስ ማድረግ ነው፤ አዲስ ከጠፋ አሮጌውን እሳት ላይ እስኪቀላ አግሎ ማብረድ ያለሰልሰዋል። ጌጁን በቀጥታ ቡሎኑ ላይ አትስቀሉ። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ የጌጁ ክብደት የነሐስ ኒፕሉን በጥርሱ ሥር ይሰነጥቀዋል። 40 ሳንቲሜትር የናፍጣ ጎማ ቱቦ በመሐል አድርጎ ጌጁን ሻንሲው ላይ በላሜራ ማሰር ይሻላል። ጋቢና ውስጥ ማስገባት የሚያምራችሁ ካላችሁ ተዉት፤ ቱቦው አንድ ቀን ቢፈነዳ ናፍጣው የሚረጨው እግር ላይ ነው።

ከጌጁ በፊት ደግሞ ማርገቢያ ያስፈልጋል። ፊድ ፓምፑ በፒስተን ስለሚመታ ግፊቱ ይዘላል፤ ያለ ማርገቢያ መርፌው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ ሲሠራ) እንኳ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጣል፣ ግሊሰሪኑም ብቻውን አይበቃውም። ግማሽ ሚሊሜትር ቀዳዳ ያላት ኒፕል፣ ወይም በጥቂቱ ብቻ የተከፈተች ትንሽ ቫልቭ ሥራውን ትሠራለች።

ንባቡን ለመረዳት የፊድ ፓምፑን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። የፖምፓው ዘንግ ፒስተኑን በአንድ አቅጣጫ ይገፋዋል፤ ወደ ፊልትሮው መግፋቱም ከታንከሩ መሳቡም ግን ስፕሪንጉ ፒስተኑን ሲመልሰው የሚሆን ነው። ስለዚህ የስፕሪንጉ ኃይል ከሚፈቅደው በላይ ግፊት አይወጣም፤ መስመሩ ቢዘጋ ፒስተኑ ባለበት ይቆያል። የላይኛውን ወሰን የሚጠብቀው ፖምፓው ላይ ያለው የመመለሻ ቫልቭ ነው፤ በዚህ ፖምፓ ከ1.5 እስከ 1.8 ባር ባለው ውስጥ ይከፈታል። በ2.5 ባር አካባቢ የሚከፈት ቫልቭ ያላቸው ፖምፓዎችም ስላሉ የእናንተን በፖምፓው ሰሌዳ ቁጥር አረጋግጡ። በዚህ መኪና ጤነኛው ንባብ በሚኒሞ 1.4፣ ነዳጅ ሲሰጥ 1.6 ባር ነው። ሞቃት ቆላ፣ ለምሳሌ አዋሽ አካባቢ፣ ናፍጣው ስለሚቀጥን በፒስተኑ ዙሪያ ይሾልካል፤ 0.1 ባር ያህል መውረዱ በሽታ አይደለም።

ጭኖ ዳገት ላይ ከ1 ባር በታች ሲወርድ ግን ፍለጋ ይጀመራል፤ እዚህ ላይ የግፊት ጌጅ ብቻውን ግማሽ ምስክር ነው። ሁለተኛ፣ መሳብን የሚለካ የቫኪዩም ጌጅ ከፊድ ፓምፑ መግቢያ በፊት ለአንድ ቀን ማሰር ነገሩን ይለየዋል። ግፊቱ ወርዶ መሳቡ ከ0.2 ባር ካለፈ ፓምፑ እየለፋ ነው፣ ናፍጣው ግን አይደርሰውም። መጀመሪያ የታንከሩን ክዳን ከፍታችሁ ሞክሩ፤ መሳቡ ወዲያው ከወደቀ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ካልሆነ በፊድ ፓምፑ መግቢያ ቡሎን ውስጥ የተደበቀችውን ትንሽ ወንፊት አውጡ። ፊልትሮ በየጊዜው የሚቀይር ሰው እንኳ ይህችን አያውቃትም፤ በዝገትና በጭቃ ሞልታ የምትገኘው እሷ ናት። ከዚያ የታንከሩ ውስጥ መሳቢያ፣ ከዚያም ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ የተላጠ የጎማ ቱቦ ይፈተሻሉ። እንዲህ ዓይነቱ እንቅፋት ሐረር መንገድ ቆላው ላይ ታግሶ ደብረ ብርሃን ዳገት ላይ የሚገለጥበት ምክንያት አለው፤ ናፍጣውን ከታንከሩ የሚገፋው የውጭው አየር ራሱ ደጋ ላይ ቀጥኗል።

ግፊቱ ወርዶ መሳቡ ደግሞ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ተጠርጣሪዎቹ አየርና ፊድ ፓምፑ ናቸው። አምስት ሊትር ንጹሕ ናፍጣ በጀሪካን አድርጎ፣ አዲስ ቱቦ በቀጥታ ከፊድ ፓምፑ ጋር አገናኝቶ ማስነሳት ከሁሉ የሚቀለው ፍርድ ነው። ግፊቱ ከተስተካከለ አየሩ የሚገባው ከታንከር መስመሩ ነው። ካልተስተካከለ ሞተሩ በሚኒሞ ላይ እያለ የመመለሻውን ጎማ ቱቦ ለጥቂት ሰከንድ ቆንጥጡት። መርፌው ከፍ ካለ የመመለሻ ቫልቩ ስፕሪንግ ደክሟል ወይም ቆሻሻ ከፍቶ ይዞታል፤ ብዙ ጊዜ በማጽዳት ይድናል። ንቅንቅ ካላለ ፊድ ፓምፑን አውርዱ፤ የውስጡን ሁለት ቫልቮች፣ ስፕሪንጉንና ፒስተኑን እዩ። የእጅ ፓምፑ እየተመታ የማይጠነክር ከሆነ ቫልቭ ላይ ቆሻሻ ተቀምጧል። የሞተር ዘይት መጠኑ እየጨመረና ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ከመጣ የፊድ ፓምፑ ገፊ ዘንግ ማሸጊያ አልቋል፤ ይህ እስኪሠራ መኪናውን አትንዱ፣ ኩሽኔታ ይበላል።

የፊልትሮውን ነገር ጌጁ ከፊልትሮ በኋላ ሆኖ ብቻውን አይናገርም። ቱቦውን ለአምስት ደቂቃ ወደ ፊልትሮው መግቢያ አዙሮ ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ ከ0.4 ባር ከበለጠ ኪሎሜትሩ ሳይደርስ ይቀየር። ከበርሜል በሚቀዳ ናፍጣ ይህ ቶሎ ይመጣል። ውሃ መለያው ውስጥ ቀይ ቀለበቷ ከፍ ካለችም ከሥሩ ያለውን ቡሎን ላላ አድርጎ ማፍሰስ ነው።

ከ11 ወር በኋላ የጌጁ ድክመቶች ታውቀዋል። ውታፉ ክፍት ስለሆነ ግሊሰሪኑ በጥቂቱ ይንጠባጠባል፤ ተዘንብሎ ከታሰረ ይብሳል፣ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የፕላስቲክ መስታወቱ ወደ ቢጫ ሄዷል፣ ንባቡን ግን አልከለከለም። መርፌው በወር አንድ ጊዜ ሞተር ጠፍቶ ቱቦው ሲፈታ ዜሮ ላይ ይቆማል፤ ለዋጋው ከተጠበቀው በላይ ነው። ለፍተሻ የተገጠመው ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ግን በሁለት ወር እንደ እንጨት ደርቆ ተሰነጠቀ። አረፋ ለማየት ለአንድ ሁለት ቀን ጥሩ ነው፣ በቋሚነት ግን አይታሰብ።

ግፊቱ 1.6 ላይ ቆሞ መኪናው አሁንም ካልጎተተ ጌጁ ሥራውን ጨርሷል፤ ያኔ ወደ አየር ማጣሪያው፣ ወደ ኖዝሎቹ፣ ወደ ፖምፓው ታይሚንግ መሄድ ተገቢ ነው። ከፖምፓው ወደ ኖዝል በሚሄዱት የብረት ቱቦዎች ላይ ግን ይህን ጌጅ ማሰር ክልክል ነው። እዚያ ግፊቱ ከ150 ባር በላይ ነው፤ ጌጁን ያፈነዳዋል፣ የሚረጨው ናፍጣም ቆዳ ዘልቆ ይገባል። ኮመን ሬል (ለኖዝሎቹ ሁሉ ናፍጣ በከፍተኛ ግፊት የሚይዝ የጋራ ቱቦ) ያለው 4ኤችኬ1 ሞተር የሚነዳም የሬሉን ግፊት በኮምፒውተር እንጂ በዚህ አይለካም።