የዲሲ ነፃ አስተርጓሚ፦ ሕጉ ደኅና፣ መስኮቱ እንደ ዕድል

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንድ የከተማው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ባለጉዳይን «እንግሊዝኛ የሚችል ልጅሽን ይዘሽ ነይ» ቢላት፣ ነገሩ ከአመል ያልፋል፤ ሕግ መጣስ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የከተማው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ፣ እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ሰው በየትኛውም ቋንቋ አስተርጓሚ በነፃ እንዲቀርብ ያዛል። ዋና ዋና ቅጾችን በጽሑፍ የማስተርጎም ግዴታ ደግሞ አለ፦ ቋንቋውን የሚናገሩት መሥሪያ ቤቱ ከሚያስተናግደው ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው ሲሆኑ፣ ከሁለቱ ያነሰው ይያዛል።

አስተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በስልክ ነው። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚባለው «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» ነው፤ ጉዳዩ ከዚያ በኋላ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ማስረዳት የጀመረ ሰው «ይኸው ትችል የለም እንዴ» ተብሎ ይታለፋል። ሰላምታ መቻልና የምግብ ድጎማ ለምን እንደተቋረጠ መከራከር ግን ለየቅል ናቸው። መናገር የሚከብደው፣ የከተማው የሰብዓዊ መብት ቢሮ ያዘጋጀውን «አማርኛ እናገራለሁ» የሚል ካርድ ማሳየት ይችላል።

መስመሩ ሲገናኝ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ይሁን፤ እጀታውን እየተቀባበሉ ማውራት ግማሹን ነገር ያስቀራል። አስተርጓሚው የሚናገረውን መለያ ቁጥር ይጻፉ፤ መስመሩ ቢቋረጥ ወይም ትርጉሙ ቢበላሽ ይጠቅማል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ፣ አስተርጓሚው እስኪተረጉም ማቆም ይበቃል።

በብዛት የሚበላሸው ቀንና ሰዓት ነው። «በሦስት ሰዓት ና» በእኛ ጠዋት ነው፣ በእነሱ ዘጠኝ ሰዓት ከሰዓት በኋላ። የልደት ዘመንም በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይዛባል። ስለዚህ ቀጠሮውን በቁጥር፣ ከኤ.ኤም. ወይም ፒ.ኤም. ጋር፣ በወረቀት ያስጽፉ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝም፣ ባልና ሚስት በተለያየ ስም ሲመጡ ጥያቄ ይነሳል፤ ይህን አስተርጓሚው በራሱ እንዲያብራራ አይጠበቅም፣ ባለጉዳዩ ይናገር።

ትልቁ ጉድለት ግን ሌላ ነው። ሠራተኛው ፊት አይቶ «ኢትዮጵያዊ» ካለ አማርኛ መስመር ይደውላል። ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ተናጋሪው አማርኛ በሚናገር ሰው በኩል ስለ ሕመሙ እንዲያወራ ይገደዳል። አንዳንዴ ከኋላ የተሰለፈው የአገር ልጅ ራሱ «አማርኛማ ይችላል» ብሎ ይመልስለታል፤ እንግሊዝኛ ሲጫንበት የተናደደው ያው ሰው። ቋንቋ የሚመርጠው ባለጉዳዩ ነው።

ሕጉ የዲሲን መሥሪያ ቤቶችና በእነሱ ገንዘብ የሚሠሩ ድርጅቶችን እንጂ በአጎራባቾቹ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉትን ሲልቨር ስፕሪንግን ወይም አሌክሳንድሪያን አይነካም። የኢሚግሬሽንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮዎችም የፌዴራል ስለሆኑ ውጭ ናቸው። እዚያ አስተርጓሚን ይደግፍ የነበረው የ2000ው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ተሽሯል፤ የከተማው ሕግ ግን የምክር ቤቱ ስለሆነ አብሮ አልወደቀም።

አስተርጓሚ የተከለከለ ሰው ለሰብዓዊ መብት ቢሮው ማመልከት ይችላል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ መስኮቱና የተባለው ቃል ይጻፍ። ካሳ አይጠበቅ፤ የሚገኘው መሥሪያ ቤቱ አሠራሩን እንዲያርም ማድረግ ነው። በሱቅ ወይም በምግብ ቤት በትውልድ አገሩ ምክንያት የተገለለ ሰው ግን የሚያመለክተው በ1977ቱ የከተማው የሰብዓዊ መብት ሕግ ነው፤ ጊዜውም ድርጊቱ ከተፈጸመ አንድ ዓመት ሳይሞላ።