በግማሽ ዋጋ የሚዞረው የ9 ሚሊሜትር ጥይት፦ ፈቃድ ያላችሁ የጅማ ሰዎች ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ሕጋዊ ፈቃድ ኖሯችሁ ሽጉጥ ለምትይዙ ነው፤ በተለይ በቡና ወቅት ገንዘብ ይዛችሁ ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ ለምትመላለሱ። ሰሞኑን ከተማችን ውስጥ በሰው በሰው የሚዞር የሽጉጥ ጥይት አለ። ዋጋው ከሌላው ግማሽ ነው። ሻጩ «የፋብሪካ ነው፣ እርሳሱ ብቻ ለየት ይላል» ይላል። የፋብሪካ አይደለም። የተተኮሰ ቀለህ (ባሩዱን የሚይዘው የጥይቱ ቀፎ) ተለቅሞ፣ ባሩድ እንደገና ተሞልቶበት፣ ቤት ውስጥ የቀለጠ እርሳስ አናቱ ላይ ተሰክቶበት የመጣ ነው።

የምሠራው ቶርኖ ቤት ስለሆነ ካሊፐር ከእጄ አይጠፋም፤ የሚለካ ነገር ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አንድ ጋሼ የምላቸው የቡና ነጋዴ በፌስታል የተጠቀለለ እፍኝ ጥይት ይዘው መጡና «እስቲ እያቸው፣ ሽጉጤ እየነከሰ አስቸገረኝ» አሉኝ። መስታወት ላይ አቁሜ ደረደርኳቸው። ለካሊፐርም አላደረሱኝም፤ አንዱ ከጎኑ ካለው በጥፍር ውፍረት ይበልጣል። ስለካቸው አጭሩ 27 ሚሊሜትር ከምናምን፣ ረጅሙ 29 ተኩል ሆነ። ፋብሪካ እንዲህ አያደርግም።

ጋሼ እዚያው ቆመው ለሻጩ ደወሉለት። ሰውየው ቁጥር ያውቃል። «ለዚህ ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ቁመት 29.69 ነው፣ አንዱም ከዚያ አላለፈም፤ ችግሩ ከሽጉጥዎ ነው» አላቸው። ቁጥሩ ልክ ነው፤ አንዱም አላለፈም። ሰው የሚታለለውም እዚሁ ላይ ነው።

29.69 ሚሊሜትር የ9×19 ጥይት (የተለመደው የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ጥይት ነው፤ 19ኙ የቀለሁ ቁመት ነው) ጣሪያ ነው። ከዚያ ካለፈ ካዝና ውስጥ ላይገባ ይችላል። ከጣሪያው በታች መሆኑ ግን ሽጉጣችሁ በሰላም ይጎርሰዋል ማለት አይደለም። ትክክለኛውን ቁመት የሚወስነው የአረሩ፣ ማለትም ከቀለሁ አናት ላይ ተሰክቶ ተተኩሶ የሚወጣው ክፍል፣ ቅርጽ ነው። ጫፉ ሾጠጥ ያለ አረርና ጫፉ ደፈን ብሎ ትከሻው ሰፋ ያለ አረር እኩል ቁመት ላይ ቢሰኩም፣ ሁለተኛው አፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛው መስመር የሚጀምርበትን ቦታ ቀድሞ ይነካል። ያልተሸፈነ እርሳስ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መዳብ የለበሰው የፋብሪካ አረር ውፍረቱ 9.01 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ እርሳሱ ግን አፈሙዙን አጥብቆ እንዲይዝ ተብሎ ወደ 9.04 ይጠጋል። በዚያ ላይ በእጅ ቅርጽ የፈሰሰ እርሳስ አንዱ ከአንዱ እኩል ላይወጣ ይችላል። መስመሩ የሚጀምርበት ቦታም ከሽጉጥ ሽጉጥ ይለያያል።

ስለዚህ አንዱን ሽጉጥ የማይነካ ቁመት ሌላውን ይነክሳል። አረሩ ረዘም ብሎ ሲሰካ ጫፉ መስመሩ ውስጥ ይቀረቀራል፤ የላይኛው ተንሸራታች እስከ መጨረሻው ሳይዘጋ ይቆማል። ጥይቱን ለማውጣት ስትስቡት ቀለሁ ብቻውን ይመጣል፤ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ይቀራል፤ ባሩዱ ሽጉጡ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል። ጋሼን የገጠማቸው ይኸው ነው። እግዜር ሲያተርፋቸው ሌላ ጥይት አላጎረሱበትም። በተደፈነ አፈሙዝ ላይ ሌላ ቢተኮስ አፈሙዙ ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

ያጠረው ግን ከረዘመው የባሰ ነው። ረጅሙ ይነክስና አስቀድሞ ይነግራችኋል፤ አጭሩ ምንም ሳይናገር ይጎርሳል። አረሩ ቀለህ ውስጥ ወደ ታች በሰመጠ ቁጥር ባሩዱ የሚነድበት ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱም ይወጣል። የ9×19 ቀለህ ትንሽ ስለሆነ እዚያ ውስጥ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ መስመጥ እንኳ ግፊቱን በእጥፍ ሊያሳድገው ይችላል። የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 2350 ባር ነው። የቤት መኪና ጎማ የምትነፉት በ2 ወይም በ3 ባር እንደሆነ አስቡና እጃችሁ ውስጥ ያለውን ገምቱ።

ሌላም ነገር አየሁ። አንዱን ጥይት ይዤ አረሩን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ሰመጠ። ቀለሁ እርሳሱን አልጨበጠውም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጥይት ከካዝና ወጥቶ ሲጎርስ ጫፉ መግቢያው ላይ በተመታ ቁጥር ወደ ታች ይገባል። ብዙዎቻችሁ ማታ አጉርሳችሁ ጠዋት ታወጡታላችሁ፤ ያችኑ አንዷን ጥይት በየቀኑ። የላላ ከሆነ በየማታው እያጠረ ነው። (ይህ ልማድ ከፋብሪካ ጥይትም ጋር ጥሩ አይደለም፤ የላይኛዋን ጥይት ቀያይሯት።)

ጥይት ቤት ውስጥ መሙላት ሕጋዊ በሆነባቸው አገሮች፣ ለምሳሌ አሜሪካ፣ ይህን የሚሠራው ሰው ባሩድ ከመንካቱ በፊት የራሱን ሽጉጥ ፈትቶ አፈሙዙን ለብቻው ያወጣል። ባሩድ የሌለበት የሙከራ ጥይት ይሠራና አፈሙዙ ውስጥ ይጥለዋል። ጠቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ በጣት ሲሽከረከር ያለ ችግር መዞር አለበት፤ አፈሙዙ ሲገለበጥ በራሱ ክብደት መውደቅ አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቁመቱን ትንሽ ያሳጥራል፤ ሲያሳጥር ደግሞ የባሩዱን መጠን መልሶ ያስባል። የሚያገኘው ቁመት ለዚያ እርሳስና ለዚያ አፈሙዝ ብቻ የሚሆን ነው። የሌላ ሰው እጅ የሞላውን ጥይት አለመተኮስ እነሱ ዘንድ የታወቀ ሥርዓት ነው። እኛ ጋ ግን የማናውቀው ሰው፣ የማናውቀውን ባሩድ፣ ሽጉጣችንን አንድ ቀን ሳያይ ሞልቶ «ለሁሉም ይሆናል» ይለናል።

ሻጩ «ለማካሮቭም (ለሩሲያው ሽጉጥ) ይሆናል» ማለቱን ጋሼ ሲነግሩኝ ሳቄ መጣ። የማካሮቭ ቀለህ 18 ሚሊሜትር፣ አረሩ 9.27 ነው፤ ሁለቱም «9» ስለተባሉ አንድ አይደሉም። ግሎክ ያላችሁ ደግሞ በእጅ የተሞላ ጥይትም ሆነ ያልተሸፈነ እርሳስ ፋብሪካው ራሱ እንደማይመክር እወቁ። የአፈሙዙ ውስጥ ቅርጽ ከሌሎች የተለየ ነው፣ እርሳስም እየተጠራቀመ ሊያጠበው ይችላል።

እንዴት ትለዩታላችሁ? የመጀመሪያው ምልክት የቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። አንድ እፍኝ ውስጥ የተለያየ ምልክትና የተለያየ ዓመት ካያችሁ የተለቀመ ነው፤ ፋብሪካ አንድ ማሸጊያ ውስጥ እንዲህ አይቀላቅልም። ጫፉ ግራጫ ከሆነና በጥፍር ሲጫሩት ከተጫረ ያልተሸፈነ እርሳስ ነው። እርሳሱና ቀለሁ የሚገናኙበትን አፍ ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩት፦ ጋሼ ባመጡት ላይ ቀለሁ እርሳሱን ልጦት የቀረ ቀጭን ቀለበትና የሰም ፍርፋሪ ነበር። ያ ፍርፋሪ ጥይቱ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሲጠራቀም የሚቀጥለው ጥይት እስከ መጨረሻው አይገባም። የቂጡ ጠርዝ ላይ የቆየ የመቧጨር ምልክት ካለ ደግሞ ከዚህ በፊት ከሌላ ሽጉጥ ተስቦ ወጥቷል።

ዋጋውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሌላ ዕቃ ቢሆን ደረሰኝ ይዘን የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ እንላለን። እዚህ ደረሰኝ የለም፣ ሱቅ የለም፣ የሻጩ ስልክ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ከዚያም በላይ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራትም መነገድም ወንጀል ነው። የሽጉጥ ፈቃድ አለኝ ብላችሁ ከመንገድ ብትገዙ ፈቃዱ አያድናችሁም፤ እንዲያውም እሱንም ልታጡ ትችላላችሁ። ተበዳይ ሆናችሁ መክሰስ የማትችሉበት ግዢ ነው።

አሁን እጃችሁ ላይ ያለ ካለ አትሞክሩት። «አንድ ብቻ ተኩሼ ልየው» የሚሉ አሉ፤ አንዱ ደህና መተኮሱ ስለሚቀጥለው ምንም አይነግራችሁም፣ እያንዳንዱ ቁመቱ ለየብቻ ነውና። በፒንሳ አረሩን ነቅላችሁ ባሩዱን ለማፍሰስ አትታገሉ፤ እሳት ውስጥ አትጣሉት፤ ልጆች በሚደርሱበት መሳቢያ ውስጥም አታስቀምጡት። ጋሼ የሚያምኑትን የሕግ ሰው አማክረው ለፖሊስ አስረክበዋል፤ ሽጉጣቸውንም አፈሙዙን ፈትቶ የሚያይ ባለሙያ ዘንድ ወስደውታል።

ሻጩ ከዚያ በኋላ ደውሎላቸው ነበር። ገንዘብ አልመልስም፣ ግን «ረዘም ያለውን በአጭሩ ልቀይርልዎ» ነው ያላቸው። እንዲህ ያለ ነገር ከቀረበላችሁ፣ የሚሰጣችሁ ያው እርሳስ የበለጠ ተጭኖ የሰመጠው መሆኑን ከላይ ካልኩት ጋር አገናዝቡት።