«የእንጨት ቤት» ተብሎ የሚሸጠውን የገና ካርቶን ሳትከፍቱ እንዳትገዙ

ድሬዳዋ ላላችሁ፣ ከሐረርም ወርዳችሁ ለምትሸምቱ፦ በዚህ ሰሞን ከዚራ አካባቢ «በእጅ የተሠሩ ትናንሽ የእንጨት ቤቶች፣ ከነቀለማቸው» እየተባለ የሚሸጥ ካርቶን አለ። እኔ 3,600 ብር ከፍዬበታለሁ። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ካርቶኑን ግን ስታዩት ታውቁታላችሁ። ላዩ ላይ ጣሪያው በረዶ የለበሰ፣ ጭስ ማውጫው የሚጤስ ቤት ተስሎበታል። ለድሬዳዋ ሰው በረዶ መሸጥ ራሱ ድፍረት ይጠይቃል።

ልጆቼ በየዓመቱ ከገናው ዛፍ ሥር መንደር ይሠራሉ። እስካለፈው ዓመት የጫማ ካርቶን እየቆረጥን፣ መስኮቱን በእስክሪብቶ እየሣልን እንጨርሰው ነበር። ዘንድሮ ግን «እውነተኛ ቤት ይሁንልን» አሉ። ሱቁ መደርደሪያ ላይ ለናሙና የተቀመጠውን ቤት አንስቼ በእጄ መዘንኩት። ጣውላ ነው። ከበድ ይላል፣ የጽድ ሽታ አለው፣ በሩ በደቃቅ ምስማር ተመትቷል፣ ግድግዳው ሆን ተብሎ ሻካራ ተደርጎ የቀረ የገጠር ቤት ይመስላል። ልቤ እዚያው ቀረ። ወጣቱ ሻጭም «ውስጥ ያሉት አሥሩም እንደዚህ ናቸው፤ ያንቺ ሥራ ቀለም መቀባት ብቻ ነው» አለኝ። ካርቶኑ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል፤ «ከተከፈተ አይመለስም» የሚል ወረቀትም ተለጥፎበታል። ካልከፈቱት ምን እንደያዘ አይታወቅ፣ ከከፈቱት አይመለስ! መንቃት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነበር፤ አልነቃሁም።

ሳቢያን ቤቴ ደርሼ ስከፍተው አሥር የተባለው ስድስት ቤት፣ ሦስት ዛፍና አንድ አጥር ሆኖ ተገኘ። ይህስ ይሁን። ቤቶቹ ግን እንጨት አይደሉም። ቴሌቪዥን ስንገዛ ዕቃው እንዳይጋጭ ዙሪያውን የሚደረገው ያ ነጭ ፎም ነው፤ ላዩ ላይ የእንጨት መልክ የታተመበት ስስ ወረቀት ለብሷል። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ወረቀቱ ተነሥቶ የፎሙ ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ።

ቀለሞቹ ስድስት ብልቃጥ ናቸው። ከላይ ውሃ፣ ከታች ጭቃ። ብበጠብጠውም ወረቀቱ ላይ አልይዝ ብሎ እንደ ዝናብ ጠብታ እየተንከባለለ ወረደ። የብሩሾቹ ጸጉር ደግሞ ከቀለሙ ጋር ግድግዳው ላይ እየቀረ ቤቱን ጢም አበቀለው። ብልቃጦቹ ላይ የአምራች ስም የለም፣ ከምን እንደተሠራ የሚናገር አንድ ቃል የለም። በአገራችን ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ የተባለው ብረት መጠን ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ስም የለሽ ብልቃጥ ውስጥ ያለውን ማን ለክቶት? ትንሹ ልጄ የብሩሹን ጫፍ በምላሱ የማሾል ልማድ ስላለው ብልቃጦቹን ያን ዕለቱን አነሣሁ።

ዋናው ጉድ ግን ስፕሬዩ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ለጣሪያው የሚረጭ ወርቃማ ስፕሬይ አለ። ልጄ ግቢ ወጥታ አንዱን ቤት ረጨችው፤ ወዲያው «እማዬ፣ ቤቱ እየቀለጠ ነው!» ብላ ጮኸች። ጣሪያው እንደ በሰበሰ ጥርስ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ ወደ ውስጥ ገባ። በስፕሬይ ቀለም ውስጥ የሚገባው ማሟሟያ ከቲነር ወገን ነው፤ ቲነር ደግሞ እንዲህ ያለውን ፎም ይበላዋል። ቤንዚንም አሴቶንም እንደዚሁ። ይህን ማንም ቀለም ቀቢ ያውቀዋል። ሁለቱን በአንድ ካርቶን አሽጎ የሸጠ ሰው ወይ ዕቃውን አንድ ቀን እንኳ ሞክሮት አያውቅም፣ ወይ ግድ የለውም።

በማግስቱ ይዤው ተመለስኩ። ድሬዳዋ ውስጥ ትንሽ ትልቁን «አንተ፣ አንቺ» ብሎ መጥራት የፍቅር እንጂ የንቀት እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ሲሸጥልኝ «አንቺ» ነበርኩ። ገንዘቤን ስጠይቅ «እርስዎ» ሆንኩ። የዚያን ጊዜ ነገሩ እንደተበላሸ ገባኝ። «እርስዎ ፀሐይ ላይ አስቀምጠውት ነው፤ የድሬ ሙቀት ነው ያቀለጠው» አለኝ። የድሬ ፀሐይ ብዙ ኃጢአት ተሸክማለች፤ ይህ ግን የእርሷ አይደለም። ደረሰኝ ስጠይቀው ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ የሰጠኝ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነበር። እርሱንም ይዤ ስለ ሸማቾች መብት አነሣሁበት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ወደ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ ስል ሌላ ካርቶን አወጣ። እዚያው አስከፈትኩት፤ እርሱም ፎም። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ 2,000 ብር መለሰልኝ። ቀሪውን ትቼው ወጣሁ፤ ሁለት ቀን ሥራ ቀርቼ ስለነበር ከዚያ በላይ አቅም አልነበረኝም።

መግዛታችሁ ካልቀረ ካርቶኑ ፊታችሁ ይከፈት፣ ናሙናውን ሳይሆን የምትወስዱትን ቤት ገልብጣችሁ ከታች በጥፍራችሁ ጫሩት። አልከፍትም ካለ ውጡ።

እኛ በመጨረሻ ሰፈራችን ያለ አናጺ ዘንድ ሄድን። ቁርጥራጭ ጣውላና ኮምፔንሳቶ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ በ150 ብር ሰጠን፤ የበር የመስኮቱን ልክ በመጋዝ ሲቆርጥልንም ተጨማሪ አልጠየቀም። ከግድግዳ እድሳት የተረፈ ነጭ የውሃ ቀለም ነበረን። እርሱን በትንሽ ኮላና ከደቻቱ አምጥተን በነፋነው ደቃቅ አሸዋ ለውሰን ስንቀባው ግድግዳው የጭቃ ልስን መሰለ። ያረጀ እንዲመስል የምትፈልጉ ብሩሹን ቀለም አስነክታችሁ በጨርቅ ጠርጉትና ደረቅ ሲል ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ዳበስ አድርጉት። ልጄ ጣሪያዎቹን ሁሉ ጠፍጣፋ አድርጋ፣ ግድግዳውን አንዱን አረንጓዴ አንዱን ሐምራዊ ቀብታ ጀጎልን ሠራችልኝ፤ አምስቱን በሮች ግን ስትቆጥር አንዱን ረስታለች። ግርግሙን መሐል ስናስቀምጠው ከዚያ ከበረዷማው መንደር ይልቅ ለቤተልሔም የቀረበ ሆነ፤ እዚያም ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ግድግዳው ድንጋይ አይደለም እንዴ?

ካርቶኑን ቀድማችሁ ለገዛችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ቤቶቹ ውስጥ ጧፍም ሆነ ሻማ አታስገቡ። መስኮታቸው ክፍት ስለሆነ ያምራል፣ መብራት ሲጠፋም ያጓጓል፤ ፎሙ ግን እሳት ከነካው እየቀለጠ፣ ጥቁር ጭስ እያወጣ ይነዳል፤ ሥሩ ደግሞ ያለው ቄጤማና የዛፍ ቅርንጫፍ ነው። በባትሪ የሚሠራውን ትንሹን አምፖል ተጠቀሙ። የቀለጠው ቤት እኔ ዘንድ አለ፤ ሳቢያን ጎራ ያለ ሰው ከመግዛቱ በፊት መጥቶ ሊያየው ይችላል።