ለጋሼ ሲንክ ምስጋና፣ ለእናንተ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ኤዲተሮች፣ የሲንክ ችግሬን (የምስልና የድምፅ መዛነፍ) የፈታልኝን ሰው ላመሰግን ይሄን ፖስት ከሳምንት በፊት መፃፍ ነበረብኝ ግን የእንቅልፍ እዳዬን ስከፍል ቆየሁ፣ አሁን ነቅቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ50 ደቂቃ ኢንተርቪው ኤዲት ተሰጠኝ፣ አንድ ካሜራ አለ፣ ከጎን አንድ ስልክ አለ፣ ድምፁ ደግሞ ለብቻው በሪከርደር ነው የተቀዳው። ካሜራማኑ መጀመሪያ ላይ አጨብጭቧል ተመስገን፣ በጭብጨባው አገጣጠምኩት ልክ ገባ፣ እኔም ደስ ብሎኝ መቁረጥ ጀመርኩ። 20ኛው ደቂቃ አካባቢ ስደርስ የስልኩ ምስል ላይ ሴትየዋ አፏን ከዘጋች በኋላ ነው ቃሉ የሚመጣው። ትንሽ ገፋ አደርገዋለሁ ይስተካከላል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ እንደገና ይዛነፋል፣ ደግሞ እቆርጣለሁ ደግሞ እገፋለሁ፣ እንዲህ ስል ሁለት ሌሊት ነጋ። ታይምላይኔ (ክሊፖቹ የሚደረደሩበት መስመር) የተጣጣፈ ጨርቅ መሰለ። ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ ኮምፒውተሩን ሰደብኩት፣ ካሜራማኑንም በልቤ ረገምኩት (ይቅርታ ወንድሜ)። ማስረከቢያው ደግሞ ሶስት ቀን ነው የቀረው።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፣ "አፕዴት አድርጊው"። አድርጌዋለሁ እኮ!

በመጨረሻ አንዷ ጓደኛዬ "እኚህን ሰውዬ አናግሪ" ብላ አገናኘችኝ። ስሙን አልፅፍም፣ ራሱ እንዳልፅፍ ለምኖኛል፣ እኔ ስልኬ ላይ ጋሼ ሲንክ ብዬ ነው የመዘገብኩት። ከካሴት ዘመን ጀምሮ እስከዛሬ ኤዲት ላይ ያለ ሰው ነው፣ ስለዚህ በጨዋ ደንብ "እርስዎ" እያልኩ ረዥም መልእክት ፃፍኩለት። መልሱ፣ "አንተ በይኝ፣ እርስዎ ስትዪኝ ካሴት ወደኋላ የማጠነጥን ይመስለኛል። ይልቅ ጭብጨባው ላይ፣ መሃል ላይ እና መጨረሻው ላይ ስንት ስንት ፍሬም እንደሚዛነፍ ቆጥረሽ ላኪልኝ"። በቃ። ምን ኮምፒውተር ነው ያለሽ የለ፣ የትኛው ቨርዥን ነው የለ።

ቆጠርኩ (ፍሬም ማለት ቪዲዮው የተሰራበት አንዱ ነጠላ ምስል ነው)። መጀመሪያ 0፣ መሃል ላይ 11፣ መጨረሻ ላይ 4።

ይሄን እንዳየ "የስልኩን ፋይል ሚዲያኢንፎ ላይ ክፈቺውና ፍሬም ሬት ሞድ የሚለውን አንብቢልኝ" አለኝ። ሚዲያኢንፎ የቪዲዮ ፋይልን ዝርዝር መረጃ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው፣ ፍሬም ሬት ደግሞ በሰከንድ የሚያልፈው የፍሬም ብዛት። ቫሪያብል (ተለዋዋጭ) ይላል። ከስሩም ትንሹና ትልቁ ፍሬም ሬት ለየብቻ ተፅፏል፣ እኔ ይሄን ያህል ጊዜ ኤዲት ሳደርግ አንድም ቀን እሱን መስመር አይቼው አላውቅም። ከዛ ያስረዳኝን በራሴ አፍ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ለሁላችሁም ይጠቅማል። መዛነፉ እየጨመረ እየጨመረ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው፣ ለምሳሌ በሰከንድ 29.97 ፍሬም የሆነ ፋይል በ30 ከተነበበ በ50 ደቂቃ ውስጥ ወደ 3 ሰከንድ ይዛነፋል፣ ግን በእኩል መጠን ነው የሚጨምረው፣ የሪከርደሩ ሰዓት ከካሜራው ሰዓት ትንሽ ሲለይም እንደዛው በቀስታ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። እንዲህ ያለውን ፍጥነቱን በትንሹ በማስተካከል ትገላገላላችሁ። የኔው ግን ሄዶ ተመለሰ። ሄዶ የሚመለስ ከሆነ ስልክን ጠርጥሩ። ስልክ ብርሃን ሲያንሰው ወይ ስራ ሲበዛበት አንዱን ፍሬም ረዘም ሌላውን አጠር እያደረገ ነው የሚቀዳው፣ ታይምላይኑ ደግሞ ሁሉም ፍሬም እኩል ነው ብሎ ነው የሚያስበው፣ ስለዚህ እኔ ሁለት ሌሊት ስገፋ የነበረው በየደቂቃው የሚለዋወጥ ነገር ነው። ብገፋ ብገፋ አያልቅም ነበር።

መፍትሄው አስቂኝ ነው። ሃንድብሬክ የሚባል ቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም፣ ነፃ ነው። ፋይሉን አስገባሁ፣ ቪዲዮ የሚለው ጋ ፍሬም ሬቱን ከታይምላይኔ ጋር አንድ አደረግኩት፣ እሱም እንዲህ አለኝ፣ "ፒክ የሚለው ላይ ትተሽው እንዳትሄጂ፣ ኮንስታንት (ቋሚ) የሚለውን ምረጪ፣ ብዙ ሰው እዛ ጋ ነው የሚወድቀው"። ጥራቱን የሚወስነው ቁጥር ደግሞ ሲቀንስ ነው ጥራቱ የሚጨምረው፣ እኔ ተቃራኒውን ነበር የማስበው። ሬንደሩ ሲያልቅ አዲሱን ፋይል በአሮጌው ቦታ ተካሁት፣ ሁለት ሌሊት የገፋሁትን ሁሉ ፈታሁት (ይሄኛው አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ፣ ከመግፋቴ በፊት የነበረውን ታይምላይን ኮፒ አድርጌ ስላላስቀመጥኩ)። ከዛ 47ኛው ደቂቃ ላይ ሴትየዋ እየሳቀች ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ የምታደርግበት ቦታ አለ፣ እዛ ጋ ሄድኩና አጫወትኩት። እጇም ድምፁም እኩል አረፉ። አስር ጊዜ መለስኩት መሰለኝ።

በዚህ አላበቃም። ጋሼ ከማስረከቤ በፊት ላየው ብሎ ሲያይ "ይሄ የዝናብ ድምፅ ከየት ነው?" አለ። ከፍሪሳውንድ (ድምፅ በነፃ የሚወርድበት ድረገፅ) አልኩት ኩራት ብዬ። "ላይሰንሱን አንብበሻል?" አላነበብኩም። ለካ እዛ ያለው ድምፅ ሁሉ የአጠቃቀም ፈቃዱ አንድ አይደለም፣ ሲሲ ዜሮ የሚለውን እንደፈለጋችሁ ነው፣ አትሪቢውሽን የሚለውን የሰሪውን ስም መጥቀስ ግዴታ ነው፣ ነንኮሜርሻል የሚለውን ደግሞ ገንዘብ በሚከፈልበት ስራ ላይ መጠቀም አይቻልም። የኔው ዝናብ ሶስተኛው ነበር። በሲሲ ዜሮ ዝናብ ቀየርኩት፣ ማንም አላወቀም፣ እኔ ግን የድሮ ስራዎቼን ሳስብ ላብ ላብ አለኝ።

ስለ ነፃ ነገር ካነሳን፣ ጋሼ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ያለውን ጨርሱ ባይ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ነፃው ቨርዥን 4ኬ በ60 ፍሬም ድረስ ያወጣል፣ ሰሪው ብላክማጂክ ራሱ ደግሞ የማሰልጠኛ መፅሃፎቹን ከመለማመጃ ፉቴጅ ጋር በነፃ ነው የሚያስቀምጠው፣ "የማንንም ቪዲዮ አውርደሽ ከምትለማመጂ በዚህ ተለማመጂ" ይላል። ማኑዋሉ ከ3000 ገፅ በላይ ነው፣ እሱን አንብቡ አልልም፣ መፈለጊያው ላይ ቃሉን ፅፎ መፈለግ ግን ከብዙ ቪዲዮ ይሻላል። ኮምፒውተራቸው ለሚንቀራፈፍባቸው ሻተር ኢንኮደርን ነው የሚመክረው፣ ፋይሉን ለኤዲት ወደሚቀል ፕሮሬስ ወደሚባል ፎርማት ይቀይርላችኋል፣ ግን ሃርድ ዲስካችሁን እዩ፣ ሙሉ ኤችዲ በ30 ፍሬም በፕሮሬስ 422 በሰዓት ወደ 66 ጊጋባይት ነው የሚበላው፣ ፕሮክሲ የሚለውን (ቀለል ያለውን) ከመረጣችሁ ወደ 20 ይወርዳል። ደግሞ ሃንድብሬክም ሻተር ኢንኮደርም ከውስጣቸው ያለው ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባል የቪዲዮ መቀየሪያ ሞተር ነው፣ ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2000 ጀምሮት እስካሁን ብዙ ሰው እየተቀባበለ የሚሰራው፣ በነፃ። ለነሱም ምስጋና ይድረስልኝ፣ መቼም አያነቡትም።

አሁን ወደ ጋሼ ልመለስ። እኔን አላስከፈለኝም፣ ያ ማለት ግን ነፃ ሰራተኛ ነው ማለት አይደለም፣ አደራ። ችግሩ ምን እንደሆነ ማየትና መንገር በነፃ ነው፣ ስራውን ራሱ እንዲሰራላችሁ ከፈለጋችሁ ግን፣ ሲንክ ማድረግ፣ የተዘበራረቀ ፉቴጅ ማደራጀት፣ ሚዲያ ኦፍላይን (ፋይሉ አልተገኘም) ብሎ የቀላ ፕሮጀክት መልሶ ማገናኘት፣ ይሄ ሁሉ ስራው ነው እና ክፈሉት። ቀጣዩን ረዥም ስራዬን ገና ሳልጀምረው ፉቴጁን አስቀድሜ ለሱ ነው የምሰጠው፣ ወስኛለሁ።

እንከን የለውም አልልም። መልስ ያዘገያል፣ አንዳንዴ ግማሽ ቀን። ሲመልስም ቁጥብ ነው፣ ሆደ ባሻ ከሆናችሁ የተቆጣችሁ ይመስላችኋል። ከለር (የቀለም ማስተካከል ስራ) አይነካም፣ "አይኔ ደክሟል" ብሎ ወደ ሌላ ሰው ነው የሚልከው፣ እኔ እንደውም ይሄን ነገሩን ወደድኩለት፣ የማይችለውን እችላለሁ የሚል ስንቱን አይተናል።

የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ፃፉልኝ፣ ጠይቄው ፈቃደኛ ከሆነ አገናኛችኋለሁ። ግን "አልሰራ አለኝ እርዳኝ" ብላችሁ ባዶ እጃችሁን እንዳትሄዱ። የሚዲያኢንፎውን ስክሪንሹት ያዙ፣ የት ቦታ ላይ ስንት ፍሬም እንደተዛነፈ ቆጥራችሁ ያዙ፣ ኦርጅናል ፋይሉን አትንኩ። እና በናታችሁ አፕዴት አድርጌዋለሁ እንዳትሉት፣ እኔ ብዬው እስካሁን ይስቅብኛል።