ለቤንዚን የብረት ጀሪካን ወይስ የፕላስቲክ?

ከድሬዳዋ ማደያ ቤንዚን ቀድቶ ወደ ሞተር ሳይክል መለማመጃ ሜዳ የሚሄድ ሰው ባለ 20 ሊትር የብረት ጀሪካን ወይም ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ የፕላስቲክ ጀሪካን ሊይዝ ይችላል። ቢጫውን የምግብ ዘይት ጀሪካን ከምርጫው አላስገባሁትም፤ ለቤንዚን የተሠራ አይደለምና።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጀርመን ውስጥ ለጦር ሠራዊት የተነደፈው የብረት ጀሪካን እንፋሎት በግድግዳው አያሳልፍም፣ ክዳኑም በመቆለፊያ ተጭኖ ይዘጋል። ሆኖም ሲሞላ ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል፤ ውኃ ከገባበትም ውስጡ ይዝግና ፍርፋሪው ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን የሞተር ክፍል) ይደፍናል። ፕላስቲኩ ቀላል ነው፣ አይዝግም፤ ነገር ግን የድሬዳዋ ፀሐይ ከጊዜ ብዛት ያደርቀዋል፣ ያሰነጥቀዋልም።

ትልቁ ልዩነት የሚታየው ሲቀዳ ነው። ቤንዚን ሲፈስ የኤሌክትሪክ ሙል፣ ማለትም ብልጭታ ፈጥሮ እንፋሎቱን ሊያቀጣጥል የሚችል ክምችት፣ ይፈጥራል፤ ብረቱ መሬት ላይ ከተቀመጠና የማደያው አፍንጫ አፉን ከነካ ይህ ክምችት በቀላሉ ይወርዳል፣ ፕላስቲክ ግን ክምችቱን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ሁለቱም፣ በተለይ ፕላስቲኩ፣ ባጃጅ ወለል ላይ እንዳለ ሳይሆን መሬት ወርዶ፣ በዝግታ መሞላት አለበት።

ቤንዚን ሲሞቅ ስለሚሰፋ ከላይ ክፍት ቦታ መተው ግድ ነው፤ በተጨማሪም ድሬዳዋ ላይ ተሞልቶ የተዘጋ ጀሪካን የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ሲደርስ፣ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ጨምሮ የውጭው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ ጎኑ ሊነፋ ይችላል። ክዳኑን ቀስ ብሎ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ መክፈት ይገባል።

እኔ ለመንገድ ብረቱን እመርጣለሁ።