የትኛው ብሮውዘር ይሻላል? «ነፃ» የተባለው ሒሳቡ ሲወጣ

«ክሮም ይሻላል ወይስ ሌላ?» የምትለው ጥያቄ አታልቅም፤ ጠያቂው ሁሉ ደግሞ የሚጨነቀው ለፍጥነት ነው። ፍጥነቱን ተዉት። ክሮም፣ ኤጅ፣ ብሬቭ፣ ኦፔራና ቪቫልዲ ክሮሚየም የሚባል አንድ ሞተር (የድረ ገጹን ኮድ ወደምታዩት ገጽ የሚቀይረው ክፍል) ተገጥሞላቸው ቦዲያቸው ብቻ የተለያየ መኪኖች ናቸው። ኦፔራ በ2013፣ ኤጅ በ2020 የራሳቸውን ሞተር አውርደው ወደዚህ ገብተዋል። በራሳቸው ሞተር የቀሩት ትልልቆች ፋየርፎክስና የአፕሉ ሳፋሪ ናቸው። ሳፋሪ ደግሞ ከ2012 ወዲህ ለዊንዶውስ አይወጣም። ሳላንዛዛ ልናገር፦ ፋየርፎክስ ጫኑ፤ ከዊንዶውስ ጋር የመጣውን ኤጅ ለመጠባበቂያ ተዉት።

ምክንያቱ ዋጋ ነው። ሁሉም በነፃ ይወርዳሉ፤ ክፍያው የሚጀምረው ከወረዱ በኋላ ነው። የአንድ ዜና ጽሑፍ ጥቂት ኪሎባይት ቢሆን ነው። አብረውት የሚጫኑት ማስታወቂያዎች፣ ሳትነኩት የሚጀምረው ቪዲዮና የት እንደገባችሁ የሚከታተለው ኮድ ግን ብዙ ሜጋባይት ይደርሳሉ። ዳታው የሚቆረጠው ከእናንተ ነው፤ ራሙም (ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ባትሪውም እንደዚያው። በዚህ ገበያ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚዞር ለማየት አንድ ቁጥር ይበቃል፦ ጉግል በሳፋሪ ላይ ቀዳሚ መፈለጊያ ሆኖ ለመቆየት በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር እንደከፈለ አሜሪካ ውስጥ ለፍርድ ቤት የቀረበ ሰነድ አሳይቷል። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላም ቢሆን አብዛኛው ገቢው ከጉግል ነው፤ ጻድቅ አትፈልጉ።

ልዩነቱ ያለው ማስታወቂያ ማገጃው ላይ ነው። እስካሁን የተሻለው ማገጃ የሬይመንድ ሂል ዩብሎክ ኦሪጅን ነው። ጉግል የኤክስቴንሽን (እንደ ማገጃው ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ደንቡን ማኒፌስት 3 ወደሚባለው ከቀየረ በኋላ ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን ከ2025 ጀምሮ ክሮም ላይ አይሠራም። የቀረው ላይት የሚባለው ቀለል ያለው ነው፤ የተለመደውን ማስታወቂያ ይይዛል፣ ነገር ግን ገጹ ሲጫን ራሱ እየመረመረ እንዳይወስን ታስሯል። ፋየርፎክስ የድሮውንም አዲሱንም ደንብ ስለሚቀበል ሙሉው ይሠራል። ስትጭኑ «ኦሪጅን» የሚለውን ቃል እዩ። ዩብሎክ ብቻ የሚባለው ስሙን ይዞ የቀረ የሌላ ሰው ሥራ ነው።

ኤክስቴንሽን ስታበዙም ተጠንቀቁ። ዘ ግሬት ሰስፔንደር የተባለው ታብ ማስተኛ ብዙ ሰው የሚያምነው ነበር። ባለቤቱ ለሌላ ሸጠው፣ በ2021 መጀመሪያ ጉግል ጎጂ ነው ብሎ አጠፋው። ኤክስቴንሽን ሲሸጥ ተጠቃሚው አብሮ ይሸጣል፤ ማንም አያሳውቃችሁም።

ስለ ራም ክሮምን ብቻ መርገም ልክ አይደለም። ዛሬ ክሮምም ፋየርፎክስም አንዱ ገጽ ሌላውን እንዳይሰልል እያንዳንዱን ድረ ገጽ ለብቻው ያስኬዳሉ፤ ራሙን የሚበላው ይህ ነው። ክሮምም ፋየርፎክስም ላይ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ በላተኛው በስም ይወጣል፤ እዚያው ዝጉት። ፋየርፎክስ ላይ ከ140ኛው ቨርዥን ጀምሮ ታቡን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «አንሎድ ታብ» ስትሉት ታቡ ሳይዘጋ ራሙን ይለቃል። ክሮም ሚሞሪ ሴቨር፣ ኤጅ ስሊፒንግ ታብስ አላቸው፤ ይህን በራሳቸው ስለሚሠሩ እዚህ ላይ ይበልጣሉ። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ግን ከሁሉም በላይ የሚያተርፈው ማገጃው ነው፤ ያልወረደ ማስታወቂያ ራም አይዝም።

ዊንዶውስ ሰቨን ላይ ያላችሁ ክሮም በ109ኛው ቨርዥን ትቷችኋል፤ ይከፈታል፣ የደህንነት ጥገና ግን የለውም። ሞዚላ ለእነዚህ ማሽኖች የፋየርፎክስ 115ን የረጅም ጊዜ ቨርዥን ይዞ ቆይቶ ማብቂያውን ደጋግሞ አራዝሞ ነበር።

ብዙ ኮምፒውተር የሚበላሸው ብሮውዘሩ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ከሐሰተኛ ገጽ ስለወረደ ነው። ፍለጋ ላይ ከላይ የሚመጣው ውጤት «ማስታወቂያ» የሚል ምልክት ካለው አትንኩት። «ብሮውዘርህ አርጅቷል፣ አሁን አድስ» እያለ ከአንድ ድረ ገጽ መሐል የሚዘልም ሁሉ ወጥመድ ነው፤ እውነተኛው ማደሻ ያለው ከብሮውዘሩ ሜኑ ውስጥ ብቻ ነው። በፍላሽ የተሰጣችሁን መጫኛ ከመክፈታችሁ በፊት በቀኝ ጠቅ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲጂታል ሲግኔቸርስ። የክሮሙ ጉግል ኤልኤልሲ፣ የፋየርፎክሱ ሞዚላ ኮርፖሬሽን ማለት አለበት። ዲጂታል ሲግኔቸርስ የሚለው ራሱ ከሌለ መጫኛውን መጣያ ውስጥ ክተቱት።

ጎጂ ፕሮግራም አንዴ ከገባ በኋላ ብሮውዘሩን ነቅሎ መጫን ብዙ ጊዜ አይፈውስም። የግል ኮምፒውተራችሁ ክሮም ሜኑ ግርጌ «በድርጅትዎ የሚተዳደር» ካለ፣ አንድ ፕሮግራም ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ ትእዛዝ አስቀምጧል ማለት ነው (አንዳንድ አንቲቫይረስም ይህን ያደርጋል)። መጀመሪያ የማታውቁትን ፕሮግራም ከኮንትሮል ፓነል አውጡ። ከዚያ በሬጅስትሪ ኤዲተር በሎካል ማሽንም በከረንት ዩዘርም ሥር ሶፍትዌር፣ ፖሊሲስ፣ ጉግል፣ ክሮም እያላችሁ ገብታችሁ የመጨረሻውን ፎልደር አጥፉ። ዴስክቶፕ ላይ ያለውን የክሮም ሾርትከትም ፕሮፐርቲስ ክፈቱ፤ ታርጌት በሚለው መስመር ከኢኤክስኢ (.exe) በኋላ የድረ ገጽ አድራሻ ተቀጥሎ ካገኛችሁ ቁረጡት። በየጊዜው ያንን ገጽ የሚከፍተው እሱ ነው። የማታውቁትን ኤክስቴንሽን አጥፍታችሁት ከተመለሰ ደግሞ በሲንክ (የአካውንታችሁን ቅንብር ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ በሚያመሳስለው) በኩል እየመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሲንኩን ዘግታችሁ አጽዱ።

ብሬቭ ማገጃው አብሮት ስለሚመጣ ምንም መጫን ለማይፈልግ ሰው ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ክሪፕቶ ዋሌቱንና ሪዋርድሱን ግን ከሴቲንግ ደብቁ። በ2020 ሰው አድራሻ ሲጽፍ የራሱን የኮሚሽን ኮድ ሲጨምር ተይዞ አቁሟል። ኦፔራ ሚኒ ገጹን በራሱ ሰርቨር ጨምቆ ስለሚልክ ዳታ በእርግጥ ይቆጥባል፤ በጣም በሚጨምቅበት ሁነታ ግን ሰርቨሩ ገጹን ማየት ስለሚችል ባንክና ኢሜይል አትክፈቱበት። ክሮም የነበረው የዳታ ቁጠባ በ2022 ተነስቷል።

ስልክ ላይ አንድሮይድ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፦ ፋየርፎክስ ዩብሎክ ኦሪጅንን ይቀበላል፣ ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። አይፎን ላይ ከአውሮፓ ኅብረትና ከጃፓን ውጭ ሁሉም ብሮውዘር በሳፋሪ ሞተር ነው የሚሄደው፤ እዚያ ሳፋሪን ከማገጃ ጋር ተጠቀሙ።

የፋየርፎክስ ጉድለት ገጾች አልፎ አልፎ አለመሥራታቸው ነው። መጀመሪያ ከአድራሻው አጠገብ ያለውን ጋሻ ለዚያ ገጽ ብቻ አጥፉት፤ ካልሆነ ዩብሎክን። አሁንም እምቢ ካለ ገጹ የተሞከረው በክሮም ብቻ ነውና ኤጅን ክፈቱ። ፋየርፎክስ ራሱ ከተንቀራፈፈ ከሄልፕ ሜኑ የችግር መረጃ ገጹ ላይ «ሪፍሬሽ ፋየርፎክስ» አለ። ቡክማርክና የይለፍ ቃል ይተርፋሉ፣ ኤክስቴንሽኖች ይጠፋሉ፣ የድሮው ፎልደር ዴስክቶፕ ላይ ይቀመጣል።

ከክሮም ስትዛወሩ የይለፍ ቃላቱን በሲኤስቪ ፋይል አውጥታችሁ ፋየርፎክስ ላይ አስገቡ። ፋይሉ ምንም ሳይቆለፍ ማንም የሚያነበው ጽሑፍ ስለሆነ እንደጨረሳችሁ አጥፉት፤ ከሪሳይክል ቢንም ጭምር።